የወሊድ ታሪክና ሥር የሰደዱ የሴቶች በሽታዎች

የወሊድ ታሪክ አንዲት ሴት ስንት ጊዜ እንዳረገዘችና እንደወለደች፣ የመጀመሪያ ልጇን በስንት ዓመቷ እንደታቀፈች፣ ምን ያህል ጊዜ እንዳጠባችና በእርግዝናዋ ምን ሕመም እንደገጠማት የሚያሳይ መረጃ ነው። ከዓመታት በኋላ ከሚመጡ የጡትና የማሕፀን ጫፍ ካንሰሮች፣ ከልብና ከደም ሥር በሽታዎች እንዲሁም ከስኳር በሽታ ጋር ይያያዛል።

የጥናቱ መነሻ

ጥያቄው የተነሣው ከገዳም ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ (1633–1714) ስለ ሠራተኞች ሕመም በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ልጅ የማይወልዱት መነኮሳዪያት በጡት ካንሰር አብዝተው እንደሚያዙ አስፍሯል። ለዚህ አንዳንድ ጸሐፊዎች 1700ን፣ ሌሎች 1713ን ይጠቅሳሉ። ልዩነቱ የመጣው መጽሐፉ በሁለቱም ዓመታት፣ ሁለተኛውን ጊዜ ተስፋፍቶ፣ በመታተሙ ይመስላል።

በቁጥር ያስደገፈው ግን ዶሜኒኮ ሪጎኒ ስተርን ነው። ከ1760 እስከ 1839 የተጻፈውን የቬሮና የሞት መዝገብ መርምሮ ውጤቱን በ1842 አቀረበ፤ በመነኮሳዪያት ዘንድ የጡት ካንሰር በዝቶ፣ የማሕፀን ካንሰር አንሶ ተገኘ። ብዙ ጽሑፎች ይህን ሐኪም መነኮሳዪያት በማሕፀን ጫፍ ካንሰር እንደማይያዙ ያረጋገጠ ያደርጉታል። ይህ መዝገቡ ያላለውን ማስባል ነው፤ በዚያ ዘመን የማሕፀን ጫፍና የማሕፀን አካል ካንሰር ተለይተው አይመዘገቡም ነበር።

የጡት ካንሰር

ጃኔት ሌን ክሌይፖን በ1926 በብሪታንያ ሕመምተኞችን ከጤነኞች ጋር አነጻጽራ የወሊድን ድርሻ አሳየች። ብራያን ማክማሆንና ባልደረቦቹ በ1970 ያወጡት ጥናት ከቦስተን እስከ ቶኪዮ ሰባት አካባቢዎችን ይሸፍናል። በዚህ ጥናት ከ18 ዓመት በፊት የወለዱ ሴቶች ለበሽታው ያላቸው ተጋላጭነት የመጀመሪያ ልጃቸውን ከ35 በኋላ ከወለዱት አንድ ሦስተኛ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በ2002 ከ30 አገሮች 47 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ደግሞ ተጋላጭነቱ በእያንዳንዱ ወሊድ 7 በመቶ፣ በእያንዳንዱ የ12 ወር ማጥባት 4.3 በመቶ እንደሚቀንስ ገመተ።

ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ግን ተጋላጭነቱ ለጊዜው ከፍ ይላል። ስለዚህ «ብዙ ወልጃለሁ፣ ሁሉንም አጥብቻለሁ» ማለት ጡት ላይ የተገኘን እብጠት ችላ ለማለት ምክንያት አይሆንም። በኢትዮጵያ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ልጅ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 4.6 ነበር፤ የጡት ካንሰር ግን በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ነው።

የማሕፀን ጫፍ ካንሰር

እዚህ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ በሽታውን የሚያመጣው የፓፒሎማ ቫይረስ በያዛቸው ሴቶች ዘንድ ብዙ መውለድ ተጋላጭነትን ይጨምራል።

ልብና ደም ሥር

በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት ጋር የሚመጣው ፕሪኤክላምፕሲያ ከወሊድ በኋላ ስለሚበርድ ያለፈ ነገር ይመስላል። በ2007 የወጣ የጥናቶች ትንተና ግን በሽታው የነበረባቸው ሴቶች በኋላ ዘመናቸው ለደም ግፊት 3.7 ጊዜ፣ ለልብ ደም ሥር መጥበብ 2.2 ጊዜ፣ ለስትሮክ 1.8 ጊዜ ያህል ተጋላጭ እንደሆኑ አሳይቷል። እርግዝና የተደበቀ ድክመትን ይገልጣል ወይስ በደም ሥሮች ላይ ጉዳት ጥሎ ያልፋል የሚለው አከራካሪ ነው፤ ምናልባት ሁለቱም ይሆናሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2011 ባወጣው መመሪያ ይህን ታሪክ ከልብ ሕመም አጋላጭ ምክንያቶች መድቦታል። የ50 ዓመት ሴት ደረቷን ይዛ ስትመጣ «እርጉዝ ሳለሽ ግፊት ነበረብሽ?» ተብላ መጠየቅ ይገባታል፤ የእርግዝና ክትትል ካርዷ በማዋለጃ ክፍል መዝገብ ቤት መቅረት አልነበረበትም።

ኩላሊት

ፕሪኤክላምፕሲያ በኋላ ከሚመጣ የኩላሊት መድከም ጋርም ይያያዛል፤ ቢሆንም እዚያ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው።

የስኳር በሽታ

በእርግዝና የመጣ ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይጠፋል። በ2020 የታተመ ትንተና ግን እነዚህ ሴቶች በኋላ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ወደ አሥር እጥፍ እንደሚጠጋ ገምቷል። መመሪያዎች ከወሊድ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ምርመራ እንዲደረግ ይመክራሉ። እናትየው ሳትበላ ትመጣለች፣ ደም ይወሰዳል፣ በውሃ የተበጠበጠ 75 ግራም ግሉኮስ ትጠጣለች፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደም እንደገና ይወሰዳል። ጊዜው ሕፃኑን ለ45 ቀን ክትባት አዝላ ጤና ጣቢያ ከምትመጣበት ቀን ጋር ይገጥማል።