መኪናን የወለደ መኪና፤ የቶርኖ ታሪክ

የስፌት መኪና ልብስ ይሰፋል፤ የማተሚያ መኪና መጽሐፍ ያትማል፤ የወፍጮ መኪና እህል ይፈጫል። እነዚህን ሁሉ የሚሠራቸው መኪና ግን፣ ይኸውም በየብረታ ብረት ሥራ ቤቱ ጥግ ዘይት ተቀብቶ ቆሞ ብረት ሲልጥ የሚውለው ቶርኖ፣ ከዘመዶቹ ከፍሬዛና ከትራፓኖ ጋራ፣ ሥራው ከብዙ ሰው ዓይን የተሰወረ በመሆኑ ታሪኩን የሚጠይቅለት ጥቂት ነው። ባቡርና መርከብ፣ ጠመንጃና ሰዓት በነገሥታትና በጦር አለቆች ታሪክ ውስጥ ስማቸው ሲነሣ፣ እነርሱን የወለደቻቸው እናት ሳትጠቀስ ትቀራለች። ስለዚህ የዚህችን እናት ትውልድ፣ በተለይም በእንግሊዝ አገር ያሳለፈችውን መቶ ዓመት፣ ለመተረክ እወዳለሁ፤ ዘመናቱንም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የቶርኖ መሠረተ ሐሳብ እጅግ ጥንታዊ ነው። የሚሠራው ነገር ይሽከረከራል፤ ስለቱ ግን ባለበት ጸንቶ ይልጠዋል። በግብፅ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በተሠራው በጴጦሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ አንደኛው ሰው በገመድ እየሳበ እንጨቱን ሲያሽከረክር ሁለተኛው ስለቱን ይዞ ሲቀርጽ ተሥሎ ይታያል። ከብዙ ዘመን በኋላም የአውሮፓ እንጨት ቀራጮች ገመዱን ከላይ በሚለመጥ ዘንግ፣ ከታች በእግር መርገጫ አስረው አንድ ሰው ብቻውን እንዲሠራ አደረጉ፤ ሆኖም ሲረገጥ ወደ ፊት፣ ሲለቀቅ ወደ ኋላ ይዞር ስለ ነበረ፣ የሥራው ጊዜ እኩሌታ በከንቱ ያልፍ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ያልተለወጠው አንድ ነገር ስለቱ በሰው እጅ መያዙ ነው። እንጨትና የዝሆን ጥርስ ለእጅ ይታዘዛሉ፤ ብረት ግን ስለቱን መልሶ ይገፋል፤ የጠቢብ ክንድ የቱንም ያህል ቢጸና በአንድ ክንድ ርዝመት ውስጥ መንቀጥቀጡና መድከሙ አይቀርም፤ ድካሙም በብረቱ ላይ ተጽፎ ይቀራል።

ይህ ጉድለት ብርቱ ችግር ሆኖ የተገኘው ጄምስ ዋት በተነሣ ጊዜ ነው። ዋት እንፋሎትን ከቀደሙት አብልጦ የሚጠቀም መኪና አስቦ በ1769 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ተቀበለ፤ ሐሳቡ የተሟላ ነበረ፤ ሐሳቡን ሥጋ የሚያለብስለት ግን አጣ። ኃይሉ ሁሉ የሚያድረው በሲሊንደሩና በውስጡ በሚመላለሰው ፒስተን መካከል ነውና፣ በሁለቱ መካከል ክፍተት ካለ እንፋሎቱ ሾልኮ ይጠፋል። በዚያ ዘመን ሲሊንደር የሚቦረቡሩት ሰዎች ደግሞ ስለቱን የሚያስሩት በአንድ ወገን ብቻ በተደገፈ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ስለ ነበረ፣ ዘንጉ በራሱ ክብደት እየጎበጠ የታችኛውን ግድግዳ አብዝቶ ይበላና ቀዳዳው ክብነቱንም ቀጥታነቱንም ያጣ ነበር። ዋት ክፍተቱን በጨርቅና በቡሽ እየወተፈ ዓመታት አሳለፈ። ያዳነው ብረት አቅላጩ ጆን ዊልኪንሰን ነው። ይህ ሰው በ1774 ዓ.ም. ድፍን ሆኖ የፈሰሰ መድፍን እያሽከረከረ ለመቦርቦር የሚያስችል መብት ካገኘ በኋላ፣ ሲሊንደር ከመድፍ የሚለየው ሁለቱም አፎቹ ክፍት በመሆናቸው መሆኑን አስተዋለ። እንግዲህ ወፍራሙን ዘንግ በሲሊንደሩ ውስጥ አሳልፎ በሁለቱም ወገን አስደገፈው፤ ስለቱም በዘንጉ ላይ እየዞረ ከአፍ እስከ አፍ እንዲጓዝ አደረገ። የዋት ሸሪክ ማቲው ቦልተን እንደ መሰከረው፣ ወርዱ 50 ኢንች የሆነ ሲሊንደር ሲቦረቦር ስሕተቱ ከአንድ አሮጌ ሽልንግ ውፍረት አይበልጥም ነበር። ለዛሬ ባለሙያ ይህ የሚያሳፍር ስሕተት ነው፤ ለዋት ግን በቂ ነበረና በ1776 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ መኪኖቹ ሥራ ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ የታሪኩ ማዕከል ሄንሪ ሞድስሌይ ነው። በ1771 ዓ.ም. በዉልዊች ተወልዶ፣ በ12 ዓመቱ በዚያው በመንግሥት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ጥይት ሲሞላ ጀመረ፤ ከዚያም ወደ አናጢዎች፣ ቀጥሎም ወደ ብረት ሠሪዎች ተዛወረ። ገና 18 ዓመት ሲሆነው ቁልፍ ሠሪው ጆሴፍ ብራማ ወሰደው። ብራማ ቁልፉን በመስኮቱ አንጠልጥሎ ለሚከፍትለት 200 ጊኒ እንደሚከፍል ያስታወቀ ሰው ነው፤ ቁልፉም በ1851 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ ከብዙ ቀን ድካም በኋላ እስኪከፍተው ድረስ ማንም ሳይደፍረው ኖረ። ይህን የመሰለ ቁልፍ በእጅ ሞረድ ብቻ ቢሠራ ዋጋው አይቀመስም ነበርና፣ ክፍሎቹን በፍጥነትና በልክ የሚያወጡትን መሣሪያዎች የሠራው ሞድስሌይ ነው። በሳምንት 30 ሽልንግ ይከፈለው ስለ ነበረ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው በመሆኑ ጭማሪ ቢጠይቅ ተከለከለ፤ በ1797 ዓ.ም.ም ወጥቶ የራሱን ሥራ ቤት በለንደን ከፈተ። ብራማ በጥቂት ሽልንግ ምን እንዳጣ በኋላ ሳይገባው የቀረ አይመስለኝም።

ሞድስሌይ በዚያ ዘመን ገደማ የሠራውን ቶርኖ ቀርቦ ላየው ሰው፣ የዛሬው ቶርኖ ሁሉ ዘር በውስጡ አለ። መሠረቱ እንጨት ሳይሆን ብረት ነው፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ሁለት ዘንጎች ትይዩ ተዘርግተው እንደ ሐዲድ ያገለግላሉ። ስለቱ የሚታሰረው በእነርሱ ላይ በሚንሸራተት መያዣ ነው እንጂ በሰው እጅ አይደለም። ከሐዲዱ ጎን ጥርስ የወጣለት ረጅም መሪ ዘንግ ተጋድሟል፤ ይህም ዘንግ ከሚሽከረከረው ሥራ ጋራ በማርሽ የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ሥራው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ስለቱን የተወሰነች ልክ ብቻ፣ ሳትበዛና ሳታንስ፣ ወደ ፊት ይወስደዋል። ማርሹን በሌላ ማርሽ ቢለውጡት ጥርሱ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ሠራተኛው ስለቱን የሚያስጠጋበትን እጀታ ቀስ ብሎ ያዞራል፤ የብረቱ ልጣጭ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ የብሎኑም ጥርስ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ከእርሱ በፊትም በሩሲያ የታላቁ ጴጥሮስ ቶርኖ ሠራተኛ አንድሬይ ናርቶቭ፣ በፈረንሳይም ቮካንሶን ስለቱን ከእጅ ወደ መያዣ ያዛወሩ ሰዎች ናቸውና፣ እንግሊዞች ሁሉን ነገር ከሞድስሌይ የሚጀምሩት በአገር ፍቅር ነው። የእርሱ ክብር ግን መያዣውን፣ መሪውን ዘንግና ተለዋዋጩን ማርሽ በጠንካራ ብረት ላይ አዋሕዶ ለዕለት ሥራ የሚበቃ መኪና ማድረጉ ነው።

አንባቢ ምናልባት፣ ጥርስ የሚያወጣው መኪና ራሱ ባለ ጥርስ ዘንግ የሚሻ ከሆነ የመጀመሪያው ዘንግ ከወዴት መጣ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሞድስሌይ የተሳለ ጠማማ ቢላዋ በተወሰነ ማዕዘን አዘንብሎ በክብ ዘንግ ላይ አስደገፈ፤ ዘንጉ ሲዞር ቢላዋው ራሱ መንገዱን እየቀደደ ተጓዘ። ያ የመጀመሪያው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውም እየታረመ ሦስተኛውን ወለደ፤ በመጨረሻም ርዝመቱ 5 ጫማ፣ በእያንዳንዱ ኢንች 50 ጥርስ ያለው፣ የ12 ኢንች ርዝመት ያላት ዳዶው 600 ጥርስ የያዘች ብሎን እስከ መሥራት ደረሰ። በጠረጴዛውም ላይ የረቀቀ መለኪያ አቁሞ ነበር፤ ሠራተኞቹ ከርሱ ፍርድ ወዲያ ይግባኝ የለም ሲሉ በእንግሊዝ ከፍተኛው ዳኛ ስም ሎርድ ቻንስለር ብለው ይጠሩት ነበር።

ወዲያው የባሕር ኃይል መጣበት። አንድ ትልቅ የጦር መርከብ ሸራውን የሚያወጣበትና የሚያወርድበት ወደ ሺህ የሚጠጋ የእንጨት መዘውር ይፈልግ ነበርና፣ በዓመት 100,000 ያህል ይገዛ ነበር፤ ሁሉም በእጅ ይሠራል። ከአገሩ አብዮት ሸሽቶ የመጣው ፈረንሳዊ ማርክ ብሩኔል መዘውሩን የሚሠሩትን መኪኖች አሰበ፤ ሞድስሌይም 45 ያህል አድርጎ ሠራቸው፤ በፖርትስመዝም ተተከሉ። በ1808 ዓ.ም. 130,000 መዘውር ወጣ፤ 110 ባለሙያ ይሠራው የነበረውንም 10 ተራ ሠራተኛ ሠራው። ስለ አሥሩ በደስታ የጻፉ ሰዎች ስለ ቀሩት መቶዎች እምብዛም አይናገሩም።

ከሞድስሌይ ደቀ መዛሙርት መካከል ሮበርትስ፣ ክሌመንትና ናስሚዝ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መጽሐፍ የሚገባቸው ናቸው፤ እኔ ግን ጆሴፍ ዊትዎርዝን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ ጥበብ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀኝን ነገር ሥርዓት ያስያዘው እርሱ ነው። መኪና ሁሉ ቀጥ ካለ ገጽ ይነሣል። ቀጥ ያለ ገጽ ግን ከሌላ ቀጥ ያለ ገጽ ካልተቀዳ እንዴት ይገኛል? ዊትዎርዝ በ1840 ዓ.ም. በግላስጎ ለሊቃውንት ጉባኤ እንዳስረዳው፣ የሚያስፈልገው ሦስት የብረት ሰሌዳ፣ ጥቂት ቀይ ቀለምና መፋቂያ ብቻ ነው። አንደኛው ሰሌዳ በስሱ ቀለም ተቀብቶ በሁለተኛው ላይ ይታሻል፤ ቀለሙ ያረፈበት ስፍራ ከፍ ያለ ነውና በመፋቂያ ይፋቃል፤ እንደገና ይታሻል፣ እንደገና ይፋቃል፣ ሁለቱ በሁሉ ቦታ እስኪገናኙ ድረስ። ነገር ግን አንዱ ያበጠ፣ ሌላው የጎደጎደ ቢሆንም ሁለቱ ፈጽመው ይጋጠማሉ፤ ሁለት ሐሰተኛ ምስክሮች በአንድ ቃል እንደሚስማሙ ያለ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው በመጀመሪያው ልክ ይፋቅና፣ ከሁለተኛው ጋራ ፊት ለፊት ይገጠማል፤ ሁለቱም ጎድጓዶች ከሆኑ በጠርዛቸው ብቻ ይነካካሉና ስሕተታቸው ይገለጣል። እንዲህ እየተፈራረቁ ሦስቱም እርስ በርሳቸው ያለ ነቀፋ እስኪጋጠሙ ድረስ ቢሠራ፣ አንድ ስንኳ ርቱዕ ነገር ካልነበረበት ቤት ሦስት ርቱዓን ይወጣሉ።

ይኸው ሰው በ1841 ዓ.ም. በብሎን ላይ ሥርዓት አወጣ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሥራ ቤት ጥርስ የሚያወጣው በራሱ ፈቃድ ስለ ነበረ፣ አንዲት ብሎን የጠፋችበት ሰው መኪናውን ወደ ሠሪው መመለስ ነበረበት። ዊትዎርዝ ከብዙ ሥራ ቤቶች ብሎን ሰብስቦ አማካዩን ወሰደ፤ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ የግማሽ ኢንች ብሎን በኢንች 12፣ የአንድ ኢንች ብሎን 8 ጥርስ እንዲኖረው ደነገገ። የዚህም ጥቅም የታየው በ1854 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋራ ጦርነት ተነሥቶ ለብዙ የመድፍ ጀልባዎች የእንፋሎት ሞተር በችኮላ ሲያስፈልግ ነው፤ ሥራው ለልዩ ልዩ ቤቶች ተከፋፍሎ፣ ከየቦታው የመጣው ክፍል ያለ ክርክር ተጋጠመ።

በዚያው ጦርነት ሰሞን እንግሊዞች ከባሕር ማዶ ትምህርት ለመውሰድ ተገደዱ። በ1851 ዓ.ም. በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን፣ በአሜሪካ በቨርሞንት ግዛት የነበሩት ጠመንጃ ሠሪዎች ሮቢንስና ሎረንስ ክፍላቸው ከአንዱ ተነቅሎ ለሌላው የሚገባ ጠመንጃዎች አቅርበው ነበር። እነዚህ የተሠሩት በፍሬዛ ነው፤ ፍሬዛም የቶርኖ ተቃራኒ ናትና፣ ብዙ ጥርስ ያለው ስለት ይሽከረከራል፣ ሥራው በበታቹ ያልፋል። እንግሊዞች መኪኖቹን ገዝተው በእንፊልድ የጠመንጃ ፋብሪካ ተከሉ።

የሩሲያ ጦርነት ወሬ ወደ አገራችንም ደርሶ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን የወንጌል መምህራንና ጠቢባን ሰብስበው መድፍ እንዲያቀልጡ ባዘዟቸው ጊዜ፣ ከከሸፈ ሙከራና ከብዙ ድካም በኋላ የወጣው 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ፣ በዚያ ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ። ንጉሡም ይህን ታላቅ ብረት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ፣ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡና መንገድ እያስጠረጉ፣ ወራት በፈጀ ጉዞ አስጎተቱት። በዘመናቸው ከነበሩት ብዙ መሳፍንት የሚለያቸው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ጠመንጃ ከመለመን ይልቅ ጠመንጃ የሚሠራውን ሰውና መሣሪያ መሻታቸው ነው። ከወንጌል መምህራኑ አንዱን፣ ፍላድን፣ በ1866 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ የላኩት ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እንዲያመጣላቸው ነበር። የተጠየቁትም እስከ ምጽዋ ደረሱ፤ ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ግን ስላልተፈቱ፣ ጥቂት ቆይተው ወደ መጡበት ተመለሱ።

በዚያው ወራት እንፊልድ ውስጥ ሌላ ሥራ ይፋጠን ነበር። በአፈ ሙዝ የሚጎርሱት ጠመንጃዎች የበርሜላቸው የኋላ ጫፍ ተቆርጦ፣ ስናይደር የተባለው በኋላ የሚጎርስ መክፈቻ ይገጠምላቸው ነበር፤ ጠመንጃዎቹ በአንድ ልክ በመኪና የተሠሩ ስለ ነበሩ በሺህ የሚቆጠሩት ሲቀየሩ ለእያንዳንዱ የተለየ ሞረድና የተለየ ባለሙያ አላሻም። እስረኞቹን ለማስፈታት የተላከው የእንግሊዝ ጦር አለቃ ናፒየር በዙላ ወርዶ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ በመጣ ጊዜ ወታደሮቹ የያዙት ይህንኑ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1868 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የንጉሡ ጦር ከአምባው ወርዶ ሲገጥማቸው፣ ቁጥራቸው ብዙ መቶ የሆነ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ብቻ ነበሩ።