«ነቀርሳ»፣ «ዕጢ» እና የጉበት መርፌ

የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችው በጎባ፣ ጉበቱን የታመመ ሰው በኦሮምኛ «ቲሩ»፣ በአማርኛ «ጉበት» ብሎ ቢናገር ሐኪሙ ያለ ጥርጥር ይረዳዋል። ችግር የሚመጣው በጉበቱ ላይ ለተገኘው ነገር ስም ሲወጣለት ነው።

በአማርኛ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል በባክቴሪያ የሚመጣው፣ ዛሬ ቲቢ የሚባለው በሽታ ነው፤ «የጡት ነቀርሳ» ሲባል ግን ካንሰር ነው። በእነዚህ ልማድ ስለ ለየ አድማጩ አይሳሳትም። «የጉበት ነቀርሳ» ሲባል ግን ልማድ አይረዳም፤ ቲቢም ካንሰርም ጉበትን ይይዛሉና። አንደኛው ለወራት በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን ሲሆን፣ የሁለተኛው ነገር ሌላ ነው። «ዕጢ»ም ከዚህ አይሻልም። በትምህርት መጻሕፍት ቅመም የሚያመነጭ ጤነኛ አካል ሲሆን፣ ሕዝቡ «የአንጎል ዕጢ» ሲል ግን ክፉ እብጠት ማለቱ ነው።

ቃል ያልለየውን የለየው መርፌ ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኮው በ1858 እ.ኤ.አ. በሽታ ከሕዋስ መፈለግ እንዳለበት አስተማረ። የአገሩ ሰው ፓውል ኤርሊኽ በ1883 መርፌ ወደ ጉበት አስገባ፤ የፈለገው ግን እባጭ ሳይሆን በስኳር ሕመምተኛ ጉበት ውስጥ ያለውን የስኳር ክምችት ነበር። ጣሊያናዊው ጆርጆ መንጊኒ በ1958 ያወጣው ዘዴ መርፌው በጉበት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ወደ አንድ ሰኮንድ ያህል አሳጠረው፤ በሽተኛው ትንፋሹን ይዞ ሳለ ሥራው ያልቃል። ዘዴው በዓለም ዙሪያ የተስፋፋውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። ቀጭን መርፌ የተበታተኑ ሕዋሳትን ይመጥጣል፤ ወፈር ያለው ቁራጭ ሥጋ ያወጣል፤ ይኸውም የሕዋሳቱን አሰላለፍ ጭምር ያሳያል። «ሕዋስ» በግዕዝ ቅርሳችን የምናውቀው «አምስቱ ሕዋሳት» በሚለው፣ በስሜት ትርጉሙ ነበር፤ ሳይንስ አዲስ ሥራ ሰጠው። «ኅብረ ሕዋስ» ከዚያ ተወለደ፤ በእኔ አስተያየት ከተሳኩልን ቃላት አንዱ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ምርመራዎች «የሕዋስ ምርመራ» እና «የኅብረ ሕዋስ ምርመራ» ብሎ መለየት ይቻላል። «ናሙና» ብቻውን ደምንም ሰገራንም ስለሚያጠቃልል አይበቃም።

ከብት፣ በግና ውሻ አብረው በሚኖሩበት እንደ ባሌ ባለ ደጋ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከውሻ የሚተላለፈው የኮሶ ትል ዘር በሰው ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ይህ ሳይታወቅ በመርፌ ቢወጋ ፈሳሹ ፈስሶ ለሕይወት የሚያሰጋ ድንጋጤ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ የደም መርጋትም ይመረመራል። ይህንንም «ዕጢ» ብሎ መጥራት ስሕተት ነው፤ «የውሃ ከረጢት» ይበቃዋል።

የምርመራው ውጤት በአገራችን የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛው የሚነገረው በቃል፣ ሐኪሙ ለቤተ ሰቡ በሚያስረዳበት ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት «ነቀርሳ» ከማለት «ቲቢ» ወይም «ካንሰር» ማለት ይሻላል፤ ሁለቱም የውጭ ቃላት ቢሆኑም በሕዝቡ ዘንድ የታወቁ ናቸው። «ነቀርሳ»ን መዝገበ ቃላት በሁለት ቍጥር ከፍሎ ሁለቱንም ትርጉሞች ይመዝግብ።