የ100 ትሪሊዮን ዶላር ኖት

የገንዘብ ኖት፣ ወረቀት
148 × 74 ሚሊሜትር
የዚምባብዌ ሪዘርቭ ባንክ፣ ሐራሬ
በላዩ የታተመው ዓመት 2008፤ ለገበያ የቀረበው ጃንዋሪ 2009 (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)

ከ1 ቀጥሎ 14 ዜሮዎች ተደርድረዋል። በዚምባብዌ ዶላር ላይ ከዚህ የበለጠ ቁጥር ታትሞ አያውቅም። በኖቱ ፊት በሐራሬ አቅራቢያ የሚገኙት ተደራራቢ የቺሬምባ ቋጥኞች፣ በጀርባው ደግሞ የቪክቶሪያ ፏፏቴና ጎሽ ይታያሉ።

ቁጥሩን ያገዘፈው የዋጋ ንረት ነው። የአገሪቱ የግብርና ምርት ባሽቆለቆለበት ወቅት ባንኩ የመንግሥትን ወጪ ለመሸፈን ገንዘብ ማተሙን ቀጠለ። ይፋ የሆነው የጁላይ 2008 ዓመታዊ የዋጋ ንረት 231 ሚሊዮን በመቶ ደርሶ ነበር።

ባንኩ ከገንዘቡ ላይ ሦስት ጊዜ ዜሮ ቀንሷል፦ በ2006 ሦስት፣ በኦገስት 2008 ዐሥር፣ በፌብሩዋሪ 2009 ዐሥራ ሁለት። ይህ ኖት የወጣው ከሁለተኛው ቅነሳ በኋላ ነው፤ ማለትም 14ቱ ዜሮዎች የተጨመሩት ዐሥሩ ከተሰረዙ ከወራት በኋላ ነው። በሦስተኛው ቅነሳ 100 ትሪሊዮኑ 100 ዶላር ሆነ።

በዚያው ዓመት የአገሪቱ ዶላር ከገበያ ወጣ። ሸማቹም ሻጩም በአሜሪካ ዶላርና በደቡብ አፍሪካ ራንድ ይገበያዩ ጀመር።

በ2015 ባንኩ በሕዝቡ እጅ የቀሩትን የ2008 ኖቶች ሲሰበስብ ለ250 ትሪሊዮን የከፈለው 1 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በዚህ ስሌት የኖቱ ዋጋ 40 ሳንቲም ነበር። የገንዘብ ሰብሳቢዎች ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይገዙታል።