የፍራንክፈርት ወጥ ቤትና የሴቶች የቤት ውስጥ ድካም

በትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የቴክኖሎጂ ታሪክ በፋብሪካና በባቡር ሐዲድ ላይ ሲያተኩር ወጥ ቤትን አልፎት ይሄዳል። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ ኃይልና የቤት ንድፍ በሴቶች ኑሮ ላይ ያስከተሉትን ለውጥ ለሚመረምር ሰው የጀርመኗን ከተማ የፍራንክፈርትን ያህል የሚያስተምር ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ በብርቱ የመኖሪያ ቤት ችግር ተይዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 የከተማው የሕንፃ ሥራ ኃላፊ የሆኑት ኤርንስት ማይ ሰፊ የቤቶች ግንባታ ጀመሩ፤ የወጥ ቤቱን ንድፍ በ1926 ያዘጋጁት ደግሞ የቪየና ተወላጅ የሆኑት አርክቴክት ማርጋሬተ ሊሆትስኪ ናቸው። ክፍሉ ወርዱ 1.90፣ ርዝመቱ 3.44 ሜትር ነበር። ሐሳቡ የተገኘው አንድም ከባቡር ምግብ ቤት ጠባብ ማብሰያ፣ አንድም አሜሪካዊቷ ክርስቲን ፍሬደሪክ በፋብሪካ የተለመደውን የጊዜና የእርምጃ ቆጠራ ወደ ቤት ሥራ ካስገቡበት መጽሐፍ ነው። ስኳርና ሩዝ የሚቀመጥባቸው ስም የተጻፈባቸው የአሉሚኒየም መሳቢያዎች፣ ከጣራው ሥር በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት መብራት፣ ከግድግዳ የሚዘረጋ የልብስ መተኮሻ ሰሌዳ፣ የሚሽከረከር በርጩማ፤ ሁሉም በእጅ ርቀት ተደርድሯል። 10,000 ያህል ተሠርተዋል። ንድፍ አውጪዋ ከዚያ በፊት ምግብ አብስለው እንደማያውቁ በኋላ ዘመን መናገራቸው ፈገግ ያሰኛል። ዓላማቸው ግን ለሴቲቱ ጊዜ እንዲተርፋት ነበር።

ውጤቱ እንደ ታሰበው አልሆነም። ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ በታነጸው የሮመርሽታት መንደር ተከራዮች የኤሌክትሪኩ ሒሳብ ከብዷቸው አቤቱታ አሰሙ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ክፍሉ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። የሠራተኛው ቤተሰብ ቀድሞ የሚያበስለውም፣ የሚበላውም፣ የሚያወጋውም በአንድ ክፍል ነበር፤ አሁን እናት ከልጆቿ ዓይን ተለየች፣ ሊያግዛት የሚፈልግም መቆሚያ አጣ። እርምጃዋ ተቆጠበ፤ ሥራው ግን የእርሷ ብቻ ሆኖ ቀረ።

በአሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ጆአን ቫኔክ በ1974 ባወጡት ጥናት ከቤት ውጭ ሥራ የሌላቸው ሴቶች በ1920ዎቹ በሳምንት 52 ሰዓት ያህል፣ በ1960ዎቹ ደግሞ 55 ሰዓት ያህል በቤት ሥራ ያሳልፉ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዋ ሩት ሽዋርትዝ ኮዋን በ1983 እንዳስረዱት አዲሱ ምድጃ በቅድሚያ ያስቀረው ወንዶችና ልጆች ይሠሩት የነበረውን እንጨት መፍለጥና መሸከም ነው፤ የልብስ ማጠቢያው መሣሪያም ወደ አጣቢ ይላክ የነበረውን ልብስ ወደ ቤት መለሰው፤ የንጽሕናውም መለኪያ ከፍ አለ። ይህ ማለት መሣሪያው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ቧንቧና መብራት ያስወገዱትን ሸክም የሚክድ ውኃ ከወንዝ ቀድቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ለባልትና መምህራንም ሆነ ለፕላን አውጪዎች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ የአገራችንን ሴቶች ከጭስና ከማገዶ አሳርፏል፤ ነገር ግን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ኃይልና ሰፊ ቦታ ይጠይቃል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለእንጀራ መጋገሪያና ለእርድ የሚሆን የጋራ ሕንፃ በንድፉ ውስጥ አካትቷል። ሊጥ ይዛ ከአራተኛ ፎቅ ለምትወርድ ሴት ደረጃው አድካሚ ነው፤ ከታች ግን ከጎረቤቶቿ ጋር ትጋግራለች። የፍራንክፈርቱ ንድፍ እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረውም።