ዝቅ ያለ መኪና ብሬከር ላይ እንዳይጫር

የብዙ ስፖርት መኪኖች ስር ከመሬት ያለው ርቀት ትንሽ ነው። እንግሊዝ አገር ብሬከር እስከ 100 ሚሊሜትር ከፍታ ይፈቀድለታል፤ የእነዚህ መኪኖች ስር ደግሞ ከዚያ ብዙም ከፍ አይልም። ታዲያ ሳይጫር እንዴት ይታለፋል? እነሆ ብለናል።

👉 ፍሬን ይዛችሁ አትውጡ። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አፍንጫው ይበልጥ ዝቅ ይላል። ቀድማችሁ ወደ ሰው እርምጃ አብርዱ፤ ጎማው ሊወጣ ሲል ፍሬኑን ልቀቁ።

👉 ቦታ ካለ ትንሽ ሰያፍ ግቡ። አንዱ ጎማ ቀድሞ ሲወጣ የፊቱን ጥግ ያነሳዋል። የሌላውን መስመር ግን አትንኩ፤ ብሬከሩ የተሠራው ለእግረኛ ነውና።

👉 የኋላ ጎማ እስኪወርድ ነዳጅ አትስጡ።

👉 ማንሻ ያለው መኪና ከሆነ ቀድማችሁ ተጠቀሙበት። ፖርሽ 911 ላይ በተጨማሪ ክፍያ የሚገጠመው አፍንጫውን 40 ሚሊሜትር ያህል ያነሳል።

👉 ሰው ሲበዛ መኪናው ዝቅ ይላል። ጉብታው ከፍ ካለ ተሳፋሪ ወርዶ ይለፍ።

ስሩ በኃይል ከተመታ ጥግ ይዛችሁ እዩት። ዘይት ከተንጠባጠበ ወይም የዘይት መብራት ከበራ ወዲያው ሞተር አጥፉና አስጎትቱት። ፓራውልት ይጠገናል፤ ያለ ዘይት የተነዳ ሞተር ግን ይነክሳል።

መልካም መንገድ!