ቤት ውስጥ የተቀዳ ዜማ፦ ከብራና እስከ ካሴትና ስልክ

በኢትዮጵያ ዜማን ያለ አሳታሚና ያለ ነጋዴ አኑሮ ለሌላው ማስተላለፍ የድምፅ መቅጃ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ልማድ ነው። ከአርብ ገበያና ከነፋስ መውጫ እስከ እስቴ የተዘረጋው የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አምባ ሁለቱም በዚሁ አካባቢ፣ በጋይንት ይገኛሉ። በስሙ የሚጠራ የዜማ ስልት ያለው ቆማ ፋሲለደስም በእስቴ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዜማው የቅዱስ ያሬድ ሲሆን፣ የዜማ ምልክቱን ያደራጁት በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል።

ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት እየተባሉ የሚጠሩት ምልክቶች ከፊደሉ በላይ በትንንሹ ይጻፋሉ። ዜማውን ለሚያውቅ ያስታውሱታል እንጂ ለማያውቀው አያስተምሩትም። ስለዚህ የቆሎ ተማሪው ከመሪጌታው አፍ እየሰማና እየቀጸለ ዓመታት ይቀመጣል፤ በዚያው መካከል የራሱን ድጓ ይጽፋል። በጎጆ የተጻፈው ያ መጽሐፍ ተማሪው ወሎም ሸዋም ሲሻገር አብሮት ይሻገራል። ሆኖም ብራናው ብቻውን ስለማይዘምር ዜማው የሚደርሰው የተማረው ሰው እግር የደረሰበት ድረስ ነበር። የአዝማሪው ዕጣ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር፤ በሰርግ ቤት በማሲንቆ የፈጠረው ግጥምና ዜማ ከሰሚው ትዝታ በቀር ማደሪያ አልነበረውም።

የሸክላ ዘመን ይህን ብዙ አልለወጠውም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ምኒልክ ወደ ጀርመን የላኳቸው ተሰማ እሸቴ በዚያው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። እ.ኤ.አ. በ1948 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። በ1969 ዐምሃ እሸቴ ክልከላውን ደፍሮ ዐምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ መውጫ አገኘ፤ እስከ አብዮቱ ማግሥትም ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳተመ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሸክላ ስቱዲዮ፣ ገንዘብና ውጭ አገር ያለ ማተሚያ ይፈልጋል፤ ለመስማትም ማጫወቻ ያሻል። ከታች ጋይንት የተነሣ አንድ ማሲንቆ መቺ በዚያ በር የመግባት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነበር።

በሩን የከፈተው ካሴት ነው። ፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 ያስተዋወቀው ይህ ትንሽ ዕቃ በኢትዮጵያ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላን ከገበያ አስወጣ። ሙዚቃ ቤቶች አንዱን ዋና ቅጂ እያባዙ ይሸጡ ጀመር፤ ገዢውም በተራው ለጎረቤቱ ያባዛ ነበር። ከዚህ ይልቅ ትልቁ ለውጥ ግን ቴፑ ራሱ መቅጃ መሆኑ ነው። መብራት በሌለበት በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ለሚችል ሁሉ ስቱዲዮ ነው። ሰርጉ፣ ማኅሌቱ፣ ለቅሶው ተቀዳ። የአብነት ተማሪ የመምህሩን ድምፅ ይዞ መሄድ ቻለ፤ ብራናው የጎደለው ነገር ይህ ነበር። ባሕር ማዶ ላለ ዘመድም ደብዳቤ በድምፅ ተላከ። የተሸጠ ካሴት እንዳይቀዳበት ከጀርባው የተሰበረችው ክዳን በወረቀት ወይም በፕላስተር ትደፈንና አዲሱ ድምፅ በአሮጌው ላይ ይቀዳ ነበር። በዚህ መንገድ የጠፋው ዜማ ብዛት ሊቆጠር አይችልም፤ ልብ የሚነካም ጉዳት ነው።

ከዚያ ዘመን የቤት ቅጂዎች ሁሉ የፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በጥንቃቄ መታየት ይገባዋል። የጎንደር ከንቲባ የነበሩት የገብሩ ደስታ ልጅ እማሆይ በ1923 ተወለዱ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በግሸን ማርያም አሥር ዓመት መንነው፣ በ1960ዎቹ ወደ ጎንደር የሄዱት የያሬድን ዜማ ለማጥናት ነበር። በዚያም የቆሎ ተማሪዎች እየለመኑ ሲማሩና ደጅ ሲያድሩ አይተው የፒያኖ ሥራቸውን ለችግረኞች መርጃ አዋሉት። እነዚያ ተማሪዎች ጋይንት ወርደው ድጓ የሚያስመሰክሩት ዓይነት ተማሪዎች ናቸው፤ በፒያኖው ውስጥ የሚሰማው የዜማ አካሄድም ከእነርሱ ትምህርት ቤት የራቀ አይደለም። በደርግ ዘመን እማሆይ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ተቀምጠው፣ ፒያኖ እየመቱና በአማርኛ እየዘፈኑ፣ በካሴት ይቀዱ ነበር። ከዜማው ጋር የመቅጃው ቁልፍ ሲጫንና ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ሲንጫጩ ይሰማል። ካሴቶቹ እርሳቸው ወደ ኢየሩሳሌም ከሄዱ በኋላም ሳይታተሙ ቆዩ። ሱቬኒርስ በሚል ርዕስ የወጡት በ2024፣ እማሆይ በ99 ዓመታቸው ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ቤት ውስጥ የተቀዳው ድምፅ ዛሬ በየአገሩ የሚሰማው፣ አንድ ሰው ካሴቱን ሳይጥልና ሳይቀዳበት ስላስቀመጠው ብቻ ነው።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ በ1981 ከባንዱ ጋር ለትርዒት አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ወዳጁ ትንሽ የቤት ስቱዲዮ፣ የልጅነት መሣሪያውን አኮርዲዮን አንሥቶ፣ በሲንተሳይዘር፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖና በከበሮ ማሽን እያጀበ፣ ባንድ ሙሉ የሚሠራውን ብቻውን ደራርቦ ቀዳ። የቆየውን ዜማ በአዲስ መሣሪያ መሞከር ነበር ዓላማው። ካሴቱ ኢትዮጵያ ገብቶ ተሸጠ፤ ኃይሉ ግን ውሎ አድሮ የታክሲ ሹፌር ሆነ፤ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ አስቀምጦ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ይለማመድ ነበር። በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት አገኘ። ባለቤቱን ፈልጎ ደወለለት፤ በዚያው ዓመትም እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 ላላ በሉ የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ይህ ዕድል ለብዙዎች አልደረሰም፤ የእርሱን ያህል የደከሙ ስንቶች በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ተረስተው ቀርተዋል።

ከ2000 በኋላ ኮምፒውተር የቴፑን ቦታ ያዘ። አቀናባሪዎች በመኖሪያ ክፍላቸው የሚሠሩበት ሆም ስቱዲዮ በአዲስ አበባ ተስፋፋ፤ ዘፋኙም ለአሳታሚ የሚያቀርበውን ዴሞ በዚያ ማዘጋጀት ቻለ። በአቀናባሪዎቹ በሚካኤል ሰይፉና በእንደገና ሙሉ እጅ ሥራው ሌላ መልክ አገኘ፤ የአዝማሪን ድምፅ፣ ማሲንቆንና የከተማን ጩኸት ቆራርጠው በኮምፒውተር ምት ላይ ገጣጠሙ። በ2014 የእያንዳንዳቸው አጭር አልበም ታትሞ ወጣ፤ ሙከራዎቻቸውንም ሳውንድ ክላውድን በመሰሉ የድምፅ ማጋሪያዎች በቀጥታ ለሰሚ አደረሱ። የሀገር ውስጥ አሳታሚ እስኪፈቅድላቸው ቢጠብቁ ያ ሙዚቃ ባልወጣ ነበር።

በገጠር ከተሞች ግን ከኮምፒውተሩ ይልቅ የደረሰው ስልክ ነው። የካሴት ሱቅ የሚሞሪ ካርድ መጫኛ ሆነ፤ ዘፈን በብሉቱዝ ከኪስ ወደ ኪስ ተላለፈ፤ ቆይቶም ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ መጡ። በማሲንቆ የታጀበ የሰርግ ጨዋታ በዚያው ቀን ሳይታረም ሊለቀቅ፣ ባሕር ማዶ ያለ የአገሩ ልጅም በማታው ሊሰማው ይችላል። ከዚሁ ጋር አንድ መልካም ነገር ጎደለ። በካሴቱ ልባስ ላይ የዘፋኙ ስም ይጻፍ ነበር፤ ከስልክ ወደ ስልክ ሲገለበጥ የሚኖረው ፋይል ግን ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን በቀላሉ ያጣል። የኢንተርኔት መስመሩም አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ቤቱ ውስጥ የቀዳ ሰው በዚያ ጊዜ ሥራውን የሚያሻግርበት አንዱ መንገድ ሚሞሪ ካርዱን ለመንገደኛ መስጠት ነበር።