ቅጽልና ስም በጀርመንኛ አብረው ሲረቡ

ለትምህርት ጀርመን አገር በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ የማሽን ሰነድ ላይ «ዴን አልተን ሬግለር ሽቶይርት ዴር ኖየ» የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ። ሬግለር መቆጣጠሪያ፣ አልት አሮጌ፣ ኖይ አዲስ መሆኑን አውቃለሁ። አሮጌው አዲሱን ይመራል ብዬ ንድፉ ላይ ቀስቱን ሳልኩ። ለካ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው! ሽቦው ከመቀጠሉ በፊት አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ባያዩት ኖሮ ማሽኑን አበላሽ ነበር።

የሚያሳፍረው አማርኛ ተናጋሪ ሆኜ መሳሳቴ ነው። እኛስ «አሮጌውን መቆጣጠሪያ አዲሱ ይመራዋል» እንል የለ? ተሳቢው ቢቀድምም «ን» ትነግረናለች፤ የምትቀመጠውም ስሙ ላይ ሳይሆን ቀድሞ በመጣው ቅጽል ላይ ነው።

የጀርመንኛውም ምስጢር ከዚህ ብዙ አይርቅም። የጾታና የሙያ ምልክት በሐረጉ ውስጥ አንድ ቦታ በግልጽ መታየት አለበት። መስተአምሩ ከያዘው ቅጽሉ ያርፋል፤ «ኧ» ወይም «ኧን» ይበቃዋል። መስተአምሩ ካልያዘው ወይም ጭራሹን ከሌለ ሸክሙ ወደ ቅጽሉ ይዞራል። «ዴር ጉተ ቫይን» (ጥሩው ወይን) ሲባል «ር»ን የያዘው ዴር ነው። «አይን ጉተር ቫይን» ላይ ግን አይን ጾታውን ስለማይናገር «ር» ወደ ቅጽሉ ትሻገራለች። በዳቲቭም «ሚት ዴም ካልተን ቫሰር» (በቀዝቃዛው ውኃ) እንላለን፤ ያለ መስተአምር «ሚት ካልተም ቫሰር» ነው። «ም» ቦታ ቀየረች እንጂ አልጠፋችም።

ከዴር፣ ዲ፣ ዳስ በኋላ «ኧ» የሚገባው አምስት ቦታ ብቻ ነው፦ በነጠላ ኖሚናቲቭ ለሦስቱም ጾታ፣ በነጠላ አኩዛቲቭ ለአንስታይና ለግዑዝ። የቀረው ሁሉ «ኧን» ነው። ሠንጠረዡን ሙሉ ከመሸምደድ ይህን መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

ስሙም አንዳንዴ የድርሻውን ይይዛል። «ትሮትስ ሽሌሽተን ቬተርስ» (አየሩ መጥፎ ቢሆንም) ላይ መስተአምር ሳይኖር ቅጽሉ «ኧን» የወሰደው የጌኒቲቩን «ስ» ስሙ ስለተሸከመ ነው። በብዙ ቁጥር ዳቲቭም «ሚት ክላይነን ኪንደርን» (ከትናንሽ ልጆች ጋር) ሲባል ስሙ «ን» ይጨምራል። ሽቱደንት ደግሞ ተሳቢ ሲሆን ሽቱደንተን ይሆናል።

እንደ ሬግለር ላለ ተባዕታይ ስም ዴር እና ዴን ይለያሉ። በአንስታይ ግን ባለቤቱም ተሳቢውም ዲ ስለሆነ፣ «ዲ አልተ ፑምፐ ሽቶይርት ዲ ኖየ» የሚል ሰነድ ቢደርሰኝ ቀስት ከመሳሌ በፊት የጻፈውን ሰው ሄጄ እጠይቃለሁ።

«ዴር ቫይን ኢስት ጉት» (ወይኑ ጥሩ ነው) ሲባል ደግሞ ቅጽሉ አይረባም፤ ሰዋስዋዊውን «አይረባም» ማለቴ ነው። ማታ ከሥራ ደክሞት የገባ ሰው እንዲህ ብቻ ቢናገር አልፈርድበትም።